የዲቃላ ሩዝ ምርት መቼ መቼ ይወሰናል? ከችግኝ መደብ እስከ አውድማ

የሩዝ ምርት አጨዳ ላይ ይመዘናል እንጂ አጨዳ ላይ አይሠራም። ኩንታሉን የሚወስኑት አራት ቁጥሮች ናቸው፤ በካሬ ሜትር ስንት ዛላ ቆመ፣ አንዱ ዛላ ስንት አበባ ያዘ፣ ከአበባው ስንት በመቶው ፍሬ ሞላ፣ አንድ ሺህ ፍሬ ስንት ግራም መዘነ። እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ጊዜ አለው። ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚረጭ ዩሪያም ሆነ የሚለቀቅ ውሃ ያንን ቁጥር አይመልሰውም። ይህ መመሪያ ሥራውን በነዚህ ጊዜያት ቅደም ተከተል ይዘረዝራል።

ዲቃላ ሩዝ፣ ማለትም ሁለት የተለያዩ የሩዝ መስመሮች ተዳቅለው የሚሰጡት የመጀመሪያ ትውልድ፣ የቻይና ሥራ ነው። የሩዝ ተመራማሪው ዩዋን ሎንግፒንግ በሁናን ክፍለ ሀገር ምርምሩን የጀመሩት በ1964 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በ1970 ሃይናን ደሴት ላይ የአበባ ብናኙ የመከነ የዱር ሩዝ ተገኘ፤ በ1973 ሦስት ወላጅ መስመሮችን የሚጠቀመው የማዳቀል ዘዴ ተሟላ፤ በ1976 ዘሩ በስፋት ወደ ገበሬው ወጣ። ዲቃላው በተመሳሳይ አያያዝ ካልተዳቀለ ሩዝ ከ15 እስከ 20 በመቶ ብልጫ ሲሰጥ ቆይቷል። በ2014 በሁናን ሹፑ ወረዳ በሙከራ ማሳ በሄክታር 15.4 ቶን ተመዝግቧል።

የብልጫው ምንጭ ትልቅ ዛላ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚያያዘው እዚህ ላይ ነው። ማሳውን በቡቃያ ብዛት ለመሙላት የሚሮጥ ሰው የዲቃላውን ጥቅም ገና ከጅምሩ ያጠፋዋል። የሚፈለገው የተመጠነ ዛላ፣ ዛላው ትልቅ፣ የያዘውም የሞላ ነው።

በአገራችን በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደራ ሜዳዎች የሚዘራው አብዛኛው ሩዝ ዲቃላ አይደለም፤ ኤክስ ጂግናም ሆነ ሌሎቹ የተለመዱ ዝርያዎች ዘራቸው ተመልሶ ይዘራል። ቢሆንም የቡቃያ ቆጠራው፣ የዛላው ጊዜ አወሳሰንና የውሃው አያያዝ ለነሱም ይሠራል፤ የሚለየው የታሰበው ቁጥር ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን ይሥሩ

ለምሳሌ በሄክታር 90 ኩንታል ገደማ ታስቧል እንበል። በካሬ ሜትር 240 ዛላ፣ በዛላ 175 አበባ፣ 82 በመቶ የሞላ፣ የሺህ ፍሬ ክብደት 26 ግራም። 240 በ175 ሲባዛ 42,000 አበባ፤ 82 በመቶው 34,440 የሞላ ፍሬ፤ ይህ በ26 ግራም ሂሳብ 895 ግራም በካሬ ሜትር ይሆናል። በሄክታር 89.5 ኩንታል ነው።

በረድፎች መካከል 25፣ በእግሮች (ችግኝ በሚተከልባቸው ነጥቦች) መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ተደርጎ ከተተከለ በካሬ ሜትር 20 እግር ይቆማል። 240 ዛላ ለ20 እግር ሲካፈል በእግር 12 ዛላ ነው። ይህቺን 12 ቁጥር ይያዟት፤ የውሃውና የማዳበሪያው ውሳኔ ሁሉ ከሷ ይነሳል።

ዝርያው በዋናው ግንድ ላይ ስንት ቅጠል እንደሚያወጣም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። እዚህ የምንጠቀመው 135 ቀን ገደማ የሚቆይ፣ 16 ቅጠል የሚያወጣና 5 የሚረዝሙ አንጓዎች ያሉትን ዝርያ ነው። የቀን መቁጠሪያ በብርድና በሙቀት ይዛባል፤ ቅጠል ግን ሰብሉ ራሱ የሚቆጥረው ሰዓት ነው። አሥር እግር መርጠው በዋናው ግንድ ላይ 5ኛውን፣ 7ኛውን፣ 9ኛውን እያሉ በቀለም ነጥብ ምልክት ያድርጉ። በሳምንት ሁለት ቀን አሥር ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው፤ የሚዘለለውም ቀላል ስለሚመስል ነው።

ዘርና መደብ

ለአንድ ሄክታር 15 ኪሎ ዘር ይበቃል። ሺህ ፍሬ 26 ግራም ከሆነ 15 ኪሎ ወደ 577,000 ፍሬ ነው፤ ሰማንያ በመቶው እንኳ ለተከላ ቢደርስ ለ200,000 እግር ሁለት ሁለት ችግኝ ይደርሳል። ዘሩ ውድ ነው፤ በእርባታ ማሳ ላይ ብናኙ የመከነው እናት መስመር ከጎኑ ከቆመው አባት መስመር ብናኝ እንዲደርሰው ገመድ እየተጎተተ ወይም በዘንግ እየተገፋ የሚመረት በመሆኑ ነው። ስለዚህ በእፍኝ አይበተንም።

የዲቃላ ዘር ቅርፊቱ በደንብ ያልገጠመ ፍሬ ይበዛዋል፤ ውሃ ውስጥ ብዙ ከቆየ ይታፈናል፣ ይሸታል። ከ8 እስከ 10 ሰዓት ዘፍዝፈው ከ4 እስከ 6 ሰዓት አንጠፍጥፈው ያናፍሱት፤ ከዚያ ይድገሙት። በውሃ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ተደምሮ ከ24 ሰዓት አይለፍ። በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ሞቅ ባለ ቦታ ይቀመጥና የጉንቁሉ ርዝመት የፍሬውን ግማሽ ሲያክል ይዘራል።

መደቡ ላይ በካሬ ሜትር 20 ግራም ብቻ ይዝሩ፤ ለ15 ኪሎ 750 ካሬ ሜትር መደብ ያስፈልጋል ማለት ነው። ሰፊ ይመስላል፤ ግን ተጨናንቆ ያደገ ችግኝ ቀጭን ሆኖ ይረዝማል፣ በቅጠሎቹ ብብት ያሉት እምቡጦችም ተኝተው ይቀራሉ። ሳስቶ የተዘራው ከመደብ ሲነቀል አንድ ወይም ሁለት የጎን ቡቃያ ይዞ ይወጣል።

ተከላ

ችግኙ ከ20 እስከ 25 ቀን ሲሞላው፣ 4 ወይም 5 ቅጠል ላይ ሳለ ይተከላል። በአንድ እግር አንድ ወይም ሁለት ችግኝ፤ ጥልቀቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር። ጠልቆ የተተከለ ችግኝ ወደ ላይ ለመውጣት ጉልበቱን ይጨርስና የታችኞቹን ቡቃያዎች ያስቀራል፤ ትልቅ ዛላ የሚሸከሙት ደግሞ እነሱ ቀድመው የሚወጡት ናቸው። ተነቅሎ ያደረ ችግኝም አይትከሉ፤ በነቀሉበት ቀን ይጨርሱ። ውሃው ጭቃውን የሚሸፍን ያህል ብቻ ይሁን፤ ችግኙ ሥር ሲይዝ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል።

የዛላ ቁጥር የሚዘጋበት ጊዜ

የሩዝ ቡቃያ የሚወጣው በሥርዓት ነው። ዋናው ግንድ 4ኛ ቅጠሉን ሲያወጣ ከ1ኛው ቅጠል ብብት የጎን ቡቃያ ብቅ ይላል፤ 5ኛው ሲወጣ ከ2ኛው፣ 6ኛው ሲወጣ ከ3ኛው እያለ ይሄዳል። ሦስት ቅጠል ያላወጣ ቡቃያ የራሱ ሥር ገና ስለሌለው እንደ ጡት ልጅ ከእናት ግንዱ ነው የሚጠባው። ግንዱ መርዘም ሲጀምር ምግቡ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ራሱን ያልቻለ ቡቃያ ዛላ ሳያወጣ ይደርቃል።

ስለዚህ ለዛላ የሚበቃ ቡቃያ የሚወጣበት የመጨረሻ ጊዜ በቅጠል ይሰላል። ከጠቅላላው የቅጠል ቁጥር የሚረዝሙት አንጓዎች ቁጥር ይቀነሳል፤ 16 ሲቀነስ 5፣ 11 ነው። 11ኛው ቅጠል እስኪወጣ ድረስ በእግር 12 ግንድ መቆም አለበት። ከዚያ በኋላ የሚወጣው አብዛኛው ማዳበሪያ በልቶ፣ ጥላ ሠርቶ የሚሞት ነው።

ቡቃያውን የሚያቆመው ውሃ ማንጠፍ ነው፤ የሚጀመረውም ቁጥሩ ከመሙላቱ በፊት ነው። ሰብሉ ወዲያው ስለማይቆም ከታሰበው 80 በመቶ ሲደርስ፣ በኛ ምሳሌ በእግር 9 ወይም 10 ግንድ ሲቆጠር፣ ውሃው ይለቀቃል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ 10ኛው ቅጠል አካባቢ ይውላል። ከ7 እስከ 10 ቀን ደርቆ፣ ጭቃው ላይ ቀጭን ስንጥቅ ሲታይና ሲረግጡት እግር የማያሰምጥ ሲሆን ይበቃል። ነጫጭ ሥሮች በመሬቱ ገጽ ላይ ብቅ ብቅ ካሉ ጥሩ ምልክት ነው። ማድረቁ ናይትሮጅን መሳቡን ይገታል፣ ሥሩን ወደ ታች ይነዳል፣ የታችኞቹን አንጓዎች አጭርና ወፍራም ያደርጋል፤ ከባድ ዛላ ተሸክሞ ሳይጋሸብ የሚቆም ግንድ የሚሠራው በዚህ ሳምንት ነው።

በጥቁር ኮትቻ አፈር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አፈሩ በፍጥነት ሰፊ ስንጥቅ ይከፍትና ሥር ይበጥሳል፤ በኋላ የሚገባው ውሃም በስንጥቁ ሰርጎ ይጠፋል። እንዲህ ባለ መሬት ለሦስት ለአራት ቀን ቀለል አድርገው ያድርቁ፣ ያጠጡ፣ ይድገሙ። ዝናብ በማያቋርጥበት ክረምት ደግሞ በማሳው ዙሪያና መሐል የማፋሰሻ ቦይ አስቀድሞ ካልተቀደደ «አነጥፋለሁ» ማለት ከንቱ ነው።

ቡቃያው ከፍተኛ ቁጥሩ ላይ ሲደርስ በእግር 16 ገደማ መሆን አለበት፤ ከዚህ ሦስት አራተኛው ለዛላ ይበቃል። በእግር 25 እና ከዚያ በላይ ካዩ ማሳው ያምራል፣ መንገደኛም ያደንቀዋል፤ ምርቱ ግን ከወዲሁ ተጎድቷል። ዛላው ያንሳል፣ ብርሃን ታች አይደርስም፣ ሺዝ ብላይት የተባለው የፈንገስ በሽታ ከውሃው ጠርዝ ተነስቶ ይወጣል።

ማዳበሪያ፦ ስንትና መቼ

መጠኑን ከሰው ማሳ አይቅዱ። ማሳው ውስጥ አንድ ጠባብ ቦታ በክትር ለይተው ናይትሮጅን የሌለበት፣ ሌላው ሁሉ የተሟላበት ያድርጉና ምርቱን ይመዝኑ። ያ ቦታ በሄክታር ሂሳብ 50 ኩንታል ከሰጠና የታሰበው 90 ከሆነ ልዩነቱ 4,000 ኪሎ ነው። በጥሩ አያያዝ አንድ ኪሎ ናይትሮጅን ወደ 25 ኪሎ ፍሬ ይጨምራል፤ ስለዚህ 160 ኪሎ ናይትሮጅን። አያያዙ መካከለኛ ሆኖ ጭማሪው 20 ኪሎ ብቻ ከሆነ 200 ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ማዳበሪያ ከመጨመር አያያዙን ማስተካከል ይረክሳል።

የ160 ኪሎው አከፋፈል እንዲህ ነው። አርባ በመቶው ከተከላ በፊት ጭቃው ውስጥ ይቀላቀላል፤ ሃያው ከተከላ በኋላ ሳምንት ሲሞላ፤ ሠላሳው ዛላ መመሥረት ሲጀምር፤ አሥሩ ዛላው ሊያረግዝ ሲል። በአገራችን በሚገኙት ሲሰላ፣ በሄክታር 120 ኪሎ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ) ወደ 46 ኪሎ የፎስፈረስ ምግብ እና 23 ኪሎ ናይትሮጅን ይሰጣል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ ከተከላ በፊት ከኤንፒኤሱ ጋር 89 ኪሎ፣ ቀጥሎ 70፣ ከዚያ 104፣ በመጨረሻ 35 ኪሎ ዩሪያ ይሆናል። ድምሩ 298 ኪሎ፣ ሦስት ኩንታል ገደማ ነው።

የተለመደው ስህተት ሁሉንም ገና በመጀመሪያው ወር መጨረስ ነው። ያ አሠራር ቡቃያ ያበዛል፤ ዛላው በሚሠራበት ጊዜ ግን ጓዳው ባዶ ይሆናል። ዩሪያ ጥልቅ ውሃ ላይ ወይም በቅጠል ላይ ጤዛ እያለ አይበተንም፤ ውሃውን ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ መበተንና መውጫውን ለጥቂት ቀናት መዝጋት ነው።

ኤንፒኤስ ውስጥ ፖታሲየም የለም። ሰብሉ ከሚወስደው ፖታሲየም አምስት እጅ ቢደረግ አራቱ ያህል ገለባው ውስጥ ነው፤ ገለባው በየዓመቱ ለከብት ሄዶ ፍግ ሆኖ ካልተመለሰ መሬቱ እየተራቆተ ይሄዳል። ከአሮጌ ቅጠሎች ጫፍና ጠርዝ የሚጀምር ቢጫና ቡናማ ማረር ካዩ ይህን ይጠርጥሩ። ፖታሽ ሲገኝ ግማሹ በተከላ፣ ግማሹ በዛላ ምስረታ ይሰጣል።

ዛላው በግንዱ ውስጥ ሲሠራ

ዛላ ከመታየቱ 30 ቀን ገደማ በፊት ግንዱ ውስጥ ተፀንሷል። በ16 ቅጠል ዝርያ 13ኛው ቅጠል ሲወጣ ከሁለት ሦስት እግር ዋናውን ግንድ ከሥሩ ቆርጠው በምላጭ በርዝመቱ ይሰንጥቁት። ከላይኛው አንጓ በላይ፣ ጫፉ ላይ፣ ጥጥ የመሰለ ጸጉር የለበሰ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነጭ ሾጣጣ ነገር ካዩ ዛላው ያ ነው። ካልታየ ከሦስት ቀን በኋላ ይድገሙ።

የ30 በመቶው ማዳበሪያ ሰዓት ይህ ነው፤ የአበባውን ቁጥር ያበዛል። ከመስጠትዎ በፊት ግን ሰብሉን ይጠይቁት። ከላይ ሦስተኛውንና አራተኛውን ቅጠል ጎን ለጎን ይያዙ። አራተኛው ከሦስተኛው ገረጣ ካለ ርቦታል፣ ሙሉውን ይስጡ። እኩል ከሆኑ መጠኑን ይቀንሱ። አራተኛው ከሦስተኛው ይልቅ የጠቆረ ከሆነ ጠግቧል፤ ይህን ዙር ይተዉት፣ የሚቀጥለውን ብቻ ይስጡ። የቅጠል ቀለም መለኪያ ካርድ ያለው ሰው 4 ቁጥርን እንደ ወሰን ይይዛል። በጠገበ ሰብል ላይ የተጨመረ ዩሪያ የላይኞቹን ቅጠሎች አርዝሞ ያጎብጣል፣ የታችኛውን አንጓ ያሳሳል፣ ብላስት የተባለውን የፈንገስ በሽታም ይጋብዛል።

የመጨረሻው፣ የ10 በመቶው ዙር 15ኛው ቅጠል ሲወጣ ነው። ይህኛው አዲስ አበባ አይጨምርም፤ የተፈጠረው እንዳይጨነግፍ ይይዛል። ትልቅ ዛላ ያለው ዲቃላ ከፈጠረው አበባ ብዙውን ገና ግንዱ ውስጥ ሳለ ሊያስወርድ ይችላል። ዛላው ሲወጣ በታችኞቹ ቅርንጫፎች ላይ ነጭ፣ የጠወለገና እንደ ቁራጭ ክር የቀረ ነገር ካዩ የጨነገፉት እነሱ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ አስጊው ጊዜ ቀጥሎ ያለው ነው። የመጨረሻው ቅጠል አንገት፣ ማለትም ቅጠሉ ግንዱን ከሚያቅፈው ልባሱ የሚለይበት ቦታ፣ ከበታቹ ካለው ቅጠል አንገት ጋር እኩል ሲሆን ዛላው ሊወጣ 10 ቀን ገደማ ቀርቶታል፤ የአበባ ብናኙም የሚሠራው በዚያ ሰሞን ነው። ለሁለት ለሦስት ተከታታይ ሌሊት ከ18 እስከ 20 ዲግሪ በታች ከወረደ ብናኙ ይመክናል። ዛላው ጤነኛ መስሎ ይወጣል፣ ያብባል፤ ግን አያጎነብስም፣ ቀጥ እንዳለ ይቀራል። ፎገራን ለመሰለ 1,800 ሜትር አካባቢ ላለ ሜዳ ይህ ተራ ስጋት አይደለም፤ ዘግይቶ የተተከለ ሩዝ ይህን ደረጃ ክረምቱ ወጥቶ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ያገኘዋል። ዋናው መከላከያ ቶሎ መትከል ነው። ውሃ ያለው ሰው በነዚያ ቀናት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ አጥልቆ ያቆማል፤ ዛላው በዚያ ጊዜ ገና ታች ስለሆነ ቀን የሞቀው ውሃ ሌሊት ይጠብቀዋል። የጃፓን ሰሜን ገበሬዎች የቆየ ዘዴ ነው። ብርድ በማያሰጋበት ደግሞ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ በዚህ ጊዜ መሬቱ መድረቅ የለበትም።

ብርድና እርጥበት ሲገናኙ ዛላውን የሚያቅፈው ልባስ ይበሰብሳል፤ ዛላው ግማሹ ታፍኖ ይቀራል። በፎገራ የታወቀ በሽታ ነው። በናይትሮጅን የጠገበና የተጨናነቀ ማሳ ላይ ይከፋል።

አበባ

ሩዝ የሚያብበው ከረፋዱ 3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ አንዷ አበባ ክፍት የምትቆየው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በነዚህ ሰዓታት መድኃኒት አይረጭም። በዚያች ሰዓት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ካለፈ ብናኝ ከረጢቱ በደንብ አይከፈትም፤ ውሃ ማቆም ማሳውን ትንሽ ያበርደዋል። ሌላ የሚሠራ ብዙ ነገር የለም፤ ከማበቡ በፊትና በኋላ አንድ አንድ ሳምንት ውሃ አይጉደል።

ሲያሸት

በትልቅ ዛላ ላይ የላይኛው ቅርንጫፍ ፍሬዎች ቀድመው ያብባሉ፣ ቀድመው ይሞላሉ። የታችኞቹ፣ በተለይ በሁለተኛ ደረጃ ቅርንጫፍ ላይ ያሉት፣ ተራ ይጠብቃሉ። ተራው ሳይደርሳቸው ቅጠሉ ከደረቀ ጮርቃ ወይም ባዶ ቅርፊት ሆነው ይቀራሉ። የዲቃላ ሩዝ ትልቁ ድክመት ይኸው ነው።

ፍሬ ውስጥ ከሚገባው ስታርች ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው ዛላው ከመውጣቱ በፊት ግንድና ልባስ ውስጥ ተጠራቅሞ የቆየ ነው፤ ቀሪው ዛላው ከወጣ በኋላ የላይኞቹ ሦስት ቅጠሎች የሚሠሩት ነው። ስለዚህ ቅጠሎቹ አረንጓዴ እንዲቆዩ ሥሩ መኖር አለበት፣ ሥሩ እንዲኖር አየር ያስፈልገዋል። ካበበ አንድ ሳምንት በኋላ ውሃውን እያፈራረቁ ይስጡ። 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የተበሳሳ ቱቦ 15 ሳንቲ ሜትሩን መሬት ውስጥ ይቅበሩና ውስጡን ጭቃ ያውጡ፤ ውሃው ከመሬት ገጽ በታች ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ እንደገና 5 ሳንቲ ሜትር ያጠጡ።

ቢጫ ማየት ሲጀመር ውሃውን ጨርሶ ማቋረጥ የተለመደ ነው፤ ለዲቃላ ግን ቶሎ ነው። የታችኞቹ ፍሬዎች ገና ወተት ላይ ናቸው። ውሃው የሚዘጋው አጨዳ ከ7 እስከ 10 ቀን ሲቀረው፣ ውሃ በሚይዝ ኮትቻ ላይ ደግሞ ከ10 እስከ 14 ቀን ሲቀረው ነው።

አጨዳና ቆጠራ

ከ85 እስከ 90 በመቶው ፍሬ ወርቃማ ሲሆን፣ እርጥበቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ ላይ ሳለ ይታጨዳል። ሸራ ላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ተሰጥቶ በየግማሽ ሰዓቱ እየተገላበጠ ለጎተራ 14 በመቶ እስኪደርስ ይደርቃል። የደረቀው ዝናብ ወይም ጤዛ ከነካው ፍሬው ውስጡ ይሰነጠቅና ሲፈተግ ይሰባበራል።

ከማጨድዎ በፊት ግን ይቁጠሩ። ከክትሩ ራቅ ባሉ ሦስት ቦታዎች በተከታታይ 20 እግር ላይ ያለውን ዛላ ቆጥረው አማካዩን ያውጡ። አማካዩን የሚያክል ዛላ ያላቸውን ሦስት እግሮች ነቅለው ፍሬውን በእጅ ያራግፉ። በአንድ ሊትር ውሃ 95 ግራም ጨው አሟሙተው ፍሬውን ይጨምሩ፤ የሰመጠው የሞላ ነው፣ የተንሳፈፈው ያልሞላ። ሁለቱንም ይቁጠሩ። የሰመጠውን በንጹህ ውሃ አጥበው ያድርቁና ሺህ ፍሬ ይመዝኑ። የእርጥበቱ መጠን ከ14 በመቶ ከተለየ ክብደቱን ከ100 እርጥበቱ በተቀነሰበት ቁጥር አባዝተው ለ86 ያካፍሉ።

አሁን አራቱን ቁጥሮች ከታሰቡት ጋር ያስተያዩ። ለምሳሌ 290 ዛላ፣ 130 አበባ፣ 70 በመቶ የሞላ፣ 25 ግራም ቢወጣ ምርቱ 66 ኩንታል ነው። ዛላው ከታሰበው በ50 ይበልጣል፣ ምርቱ ግን ከ20 ኩንታል በላይ ጎድሏል። ይህ ውሃው ዘግይቶ የተነጠፈበት፣ ዩሪያውም በመጀመሪያው ወር ያለቀበት ማሳ ነው። ዛላው 180 ብቻ ሆኖ አበባው የበዛ ከሆነ ችግሩ መደቡ ወይም የተከላው ጥልቀት ላይ ነው። ዛላውና አበባው ደህና ሆኖ የሞላው 60 በመቶ ከሆነ ባዶዎቹን ይዩ፤ ላይኛው ቅርንጫፍ ድረስ ባዶ ከሆነ ብርድ ወይም ሙቀት፣ ታችኛው ብቻ ባዶ ከሆነ ቶሎ የተቋረጠ ውሃ ወይም የሞተ ሥር። የሺህ ፍሬ ክብደት ብዙ አይዋዥቅም፤ የቅርፊቱ መጠን ዛላው ሳይወጣ ስለሚወሰን ከዝርያው ልክ በሁለት ግራም ዝቅ ካለ ማሸቱ ተቋርጧል ማለት ነው።

በቆጠራ የተገኘው ምርትና ከአውድማ የተመዘነው ከ10 በመቶ በላይ ከተለያዩ እህሉ የጠፋው በአጨዳ፣ በክምርና በውቂያ ነው፤ ያን በማዳበሪያ ለመካስ አይሞክሩ።

ከዲቃላው ላይ ለዘር አያስቀሩ። በሚቀጥለው ዓመት ቁመቱ ተበላልጦ፣ የሚደርስበት ቀን ተለያይቶ፣ ከፊሉም ብናኙ የመከነ ሆኖ ይወጣል።